አጋሚው በላይነህ ደም የሰጠ ጊዜ

ከደብረ ታቦር ወጥቶ ጋፋትን አልፎ፣ በገብስ ማሳዎች መካከል የሚወርደውን የእግር መንገድ ተከትሎ የሚገኘው መንደር ሰው፣ ራሱን ሲያመው ወይም ማጅራቱ ሲከብደው የሚያንኳኳው አንድ በር ነበር፤ የአያ በላይነህ።

በላይነህ አጋሚ ነው። አባቱም አጋሚ ነበሩ። ከእሳቸው የወረሰውን ጫፉ የተበሳ ቀንድ ከሰው ማጅራት ላይ ይደፋና በአፉ አየሩን ይስባል፤ ቆዳው ሲነፋ ቀንዱን አንስቶ ቦታውን በምላጭ ይበጣዋል፤ ከዚያ መልሶ ይደፋዋል። ትንሽ ቆይቶ የረጋውን ደም መሬት ላይ ይገለብጥና በእንጨት እያገላበጠ ያየዋል። «ይኸውልህ፤ ይሄ ጥቁሩ ነው ሲያዞርህ የከረመው» ይላል። ሰውየውም የገዛ ራሱን ክፉ ደም በዓይኑ አይቶ፣ ቀለል ብሎት ይሄዳል። የሚቀለው ደሙ ስለወጣለት ይሁን የበላይነህን ወሬ ስለሰማ የመረመረ የለም። በላይነህ ወሬ ያውቅበታል።

አጭበርባሪ ግን አልነበረም፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅለት። ነፍሰ ጡር አያግምም። በዕለቱ የቆረበ ሰው ቢመጣ «ነገ ተመለስ፤ የዛሬው ደምህ ያንተ ብቻ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። ቄስም ቢሆን ቅዳሴ ካለበት አይነካውም፤ የሚደማ ሰው መቅደስ አይገባምና። የሰጡትን ይቀበላል፣ ያልሰጡትን አይጠይቅም። ምላጩን በአረቄ ያጥባል፤ ከአረቄው የተረፈችውን ደግሞ ለራሱ ጤና ይጠጣታል።

ስሙ እስከ እብናት የተጠራው ግን በሌላ ነገር ነው። ጠላ ቀጂ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ለእንግዳ እንደምትሰጥ፣ በላይነህም ምላጩን መጀመሪያ ለራሱ ይቀምሳል። የግራ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ጫር ያደርግና ደሙ ብቅ ሲል «አየህ? ዝንብ ያረፈችብህን ያህል ነው» ይላል። ከዚያ በዚያው ምላጭ ወደ ሰውየው ማጅራት ይዞራል። ፈሪው ሁሉ በዚህ ይደፍራል። ሌሎች አጋሚዎች በሰው ሥጋ ይጫወታሉ፣ በላይነህ ግን በራሱ ላይ ያላደረገውን በሰው ላይ አያደርግም ተብሎለታል። ከጉርምስናው ጀምሮ እንዲህ ሲሠራ የግራ ክንዱ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ጭረት ብቻ ሆኗል። እሱም እጅጌውን ሰብስቦ መቀመጥ ይወዳል።

ከሆስፒታል ጋር አይዋደድም። ጠላትነት አይደለም፤ ባለሙያ ሌላውን ባለሙያ የሚንቀውን ያህል ነው። ሠርግ ላይም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ስለ ሐኪም ከተነሳ በላይነህ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እኔ ክፉውን ደም አወጣለሁ፤ እነሱ ደህናውን ይቀዳሉ። ቀድተው የት እንደሚያደርሱት ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል። ጠይቆ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ነገሩ ከአፍ አፍ ሲዞር ኖሮ፣ በመንደሩ ደም ልመርመር ብሎ ከተማ የሚወጣ ሰው እንደ ሞኝ መታየት ጀመረ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ባለፈው ጥቅምት ሆስፒታል ገብቶ በገዛ ፈቃዱ ክንዱን የዘረጋው።

ልጁ ሕይወት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። ሆስፒታሉ ካለው ደም ሰጥቶ አተረፋትና ቤተሰቡ በተራው እንዲተካ ጠየቀ። ባሏ እጅጌውን መሰብሰብ ሲጀምር በላይነህ ቀደመው። «ዞር በል። ደም የኔ ሥራ ነው» አለና አልጋው ላይ ወጣ። ደም የምትቀዳው ነርስ ሲስተር ሩት ትባላለች። የክንዱን ጭረት አይታ «እሾህ ነው አባቴ?» ብትለው «የሙያ ነው» አላት። አጥር የሚያጥር ገበሬ መስሏት ሥራዋን ቀጠለች። በላይነህ ከረጢቱ ሲሞላ አንገቱን አዙሮ ሲያይ ቆየና «ቀይ ነው፤ እንከን የለበትም» ብሎ ራሱ ፈረደ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከሆስፒታሉ ተደውሎ እንዲመጣ ተጠራ። በላይነህ ደረቱን ነፋ። «ደሜን ወደውት ነው» አላት ለሚስቱ ለዘነበች።

«እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖሬ ያልወደድኩትን እነሱ ባንድ ቀን?» አለችው።

ሩት በሩን ዘጋ አድርጋ ከፊቱ ተቀመጠች። «አባቴ፣ የሰጡን ደም ሲመረመር የጉበት ቫይረስ ተገኘበት። ሄፓታይተስ ቢ ይባላል» አለችው።

«ደሙ ጥቁር ነበር እንዴ?»

«አልነበረም። በዓይን ሲያዩት የማንም ደም ነው። የሚታወቀው በመሣሪያ ብቻ ነው።»

ይህ ለበላይነህ ከበሽታው ስም የባሰ ነገር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ደም አፈር ላይ ገልብጦ ሲፈርድ ኖሯል። የራሱን አይቶም እንከን የለበትም ብሏል።

ሩት ሳትቸኩል አስረዳችው። ይህ ቫይረስ የገባባቸውን ብዙዎቹን አዋቂዎች ሰውነታቸው ራሱ ያድናቸዋል። ጥቂቶቹ ላይ ግን ተቀምጦ ይቀራል። አያምም፣ አያስተኛም፤ ሰውየው እያረሰና እየወቃ ዓመታት ይኖራል። ከዚያ አንድ ቀን ጉበት ላይ ካንሰር ይሆናል። «ሰው ወደኛ የሚመጣው ሆዱ ሲያብጥ፣ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ነው» አለች። «ያን ጊዜ የምናደርግለት ብዙ የለም። እንዳለበት ያወቀ ሰው ግን በየስድስት ወሩ እየመጣ ለምርመራ ደም ይሰጣል። ካንሰር ሲጀምር ደም ውስጥ ከፍ የሚል ነገር አለ፤ እሱን እንለካለን። ጉበቱንም በአልትራሳውንድ እናያለን። እንዲህ የሚከታተል ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ገና ትንሽ ሳለ ይገኛል፤ ትንሽ ሳለ ከተገኘ መዳን አለ።»

በላይነህ ፈራ። ቢሆንም ወንድ ነኝ ባይ ነውና «እንግዲያው ቅጂ» ብሎ ክንዱን ዘረጋላት። ሩት ላስቲኩን ልታስር ጎንበስ ስትል ክንዱን ከቅርብ አየችው።

«ይኼ እሾህ አይደለም» አለች።

ስለ ሙያው የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ በላይነህ ደስ ይለዋል። ፍርሃቱን ለጊዜው ረስቶ ሁሉንም ነገራት፤ ቀንዱን፣ ምላጩን፣ አረቄውን፣ ለራሱ መቅመሱን። ሩት መርፌውን እንደያዘች ቀረች።

«ከራስዎ በኋላ ምላጩን ይቀይሩታል?»

«ለምን እቀይረዋለሁ? ያው ምላጭ መሆኑን እንዲያይ አይደለም እንዴ የምቀምሰው?»

መርፌውን አስቀመጠች። አጋሚ የሰው ፊት ማየት ያውቃል፤ በላይነህ እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት የዘረጋውን ክንዱን ሰበሰበ።

«አባቴ፣ ይህ በሽታ የሚተላለፈው በደም ነው» አለች ቀስ ብላ። «ምላጭ ላይ የቀረች በዓይን የማትታይ ደም ትበቃዋለች። በአረቄ መታጠብ አይበቃውም። ያገሟቸው ሰዎች ሁሉ መመርመር አለባቸው። ያለበት ክትትል ይጀምራል፤ የሌለበት ክትባት ይወስዳል። ሐሙስ ሐሙስ እዚሁ ነኝ፤ ይላኩልኝ።»

«እኔ ያስያዝኩት ሰው አለ ማለት ነው?»

«ምናልባት። እርስዎም ከእናትዎ ይዘውት ተወልደው ይሆናል። ካገሟቸው ሰዎች ካንዱም ይዞዎት ይሆናል። ማን ለማን እንደሰጠ አሁን ማወቅ አይቻልም።»

የበላይነህ ውጤት ደህና ነበር። ደሙ ውስጥ የካንሰር ምልክት አልታየም፤ ጉበቱም በአልትራሳውንድ ታይቶ ንጹሕ ነው ተባለ። በየስድስት ወሩ እንዲመለስ ነግረው አሰናበቱት። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። እሱ ግን የጋፋትን መንገድ ይዞ ሲወርድ የሚያስበው ሆዱ ስላበጠ ሰው ነበር።

እሸቴ ጎረቤቱና የልብ ወዳጁ ነበር። የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ እንደ ነፍሰ ጡር ተነፍቶ፣ እግሩ ከስቶ። የወፍ በሽታ ነው አሉ፤ የሌሊት ወፍ ጥሎበት ነው አሉ። በላይነህና እሸቴ በሥራ ሲረዳዱ የኖሩ ናቸውና፣ እሸቴ ገና ደህና ሳለ ጀምሮ በየመኸሩ ማብቂያ ያግመው ነበር። በመጨረሻው ዓመትም ክፉው ደም ይውጣለት ብሎ ደጋግሞ አግሞታል። በእያንዳንዱ ጊዜ መጀመሪያ ለራሱ ቀምሷል። የእሸቴ ሚስት አበበች ዛሬም ከእሱ በላይ ባለው ቤት ትኖራለች። ልጃቸው ሶስና የበላይነህ የክርስትና ልጅ ናት፤ ታጭታ ሠርጓ ለፋሲካ ማግስት ተቆርጧል። ሩት ደግሞ ቫይረሱ ከባል ወደ ሚስት፣ ከወላጅም ወደ ልጅ እንደሚሻገር ነግራዋለች።

ቤቱ ሲደርስ ቀንዱንና ምላጩን ቆጥ ላይ ሰቀለ። ለዘነበች ግማሹን ነገራት፤ እሷም ሕይወትም በሳምንቱ ተመርምረው ነጻ ሆነው ክትባት ጀመሩ። ሌላውን ግማሽ ለማንም አልተናገረም። ሩት ካለችው ሁሉ ውስጥ አንዲቷን ቃል መርጦ ያዘ፤ ምናልባት የምትለዋን። ምናልባት እሸቴ በሌላ በሽታ ነው የሞተው። ምናልባት ከእናቱ ይዞት ተወልዷል። ምናልባት ሶስና ምንም የለባትም። ሰው ሲፈራ እንዲህ ዓይነት ቃል ተደግፎ መተኛት ይችላል፤ በላይነህም ተኛ።

ሙሉ በሙሉ ዝም አለ ግን አይባልም። እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ሲጫወቱ «ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታል የጉበት ምርመራ አለ፤ ሂዱና ተመርመሩ» አላቸው።

ከእነሱ ውስጥ አንደበተ ስለታሙ ሙላቴ ነው። ማጅራቱ የበላይነህን ምላጭ ያልቀመሰበት ዓመት የለም። «በስመ አብ!» አለ። «አንተ አይደለህም እንዴ ደህናውን ደም ይቀዳሉ ያልከን? ደላላ አድርገው ቀጠሩህ?»

ሳቅ ሆነ። በላይነህም አብሮ ሳቀ። በሚቀጥለው እሑድ ደገመው፤ ሳቁም ተደገመ። ማንም አልሄደም። ዕድሜውን ሙሉ ሆስፒታልን ሲያማ የኖረ ሰው በሁለት እሑድ ሰውን ከሐኪም ሊያስታርቅ አይችልም፤ እውነተኛውን ምክንያት ካልተናገረ በቀር። እሱን ደግሞ ልሳኑ እንቢ አለው። ሊታገሙ ለሚመጡት «እጄ ይንቀጠቀጣል» እያለ መለሳቸው። ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ። ገና መጣ፤ ጥምቀትም ወጣ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት አበበች ሶስናን አስከትላ መጣች። ሶስና ሻሿን ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራለች።

«አያ በላይነህ፣ ራሷን ካመማት ሰነበተ» አለች አበበች። «እንደ አባቷ አግመው ይጠራርጉላት።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ያንቱ እጅ እየተንቀጠቀጠም ከሌላው ሰው ይሻላል። የክርስትና ልጅዎ አይደለችም?»

«አበበች፣ እኔ ምላጭ አላነሳም። ሐሙስ ሆስፒታል ውሰጃት። አንቺም እዚያው ተመርመሪ።»

«አንቱ ደግሞ ይህን የሆስፒታል ነገር ሙጥኝ አሉት። ምን ነካዎ? እምቢ ካሉ እብናት አንድ አጋሚ አለ ይላሉ፤ እዚያ እወስዳታለሁ።»

ሶስና ተስፋ ሳትቆርጥ ዱካ ስባ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠችና ነጠላዋን ከትከሻዋ ዝቅ አደረገች። ማጅራቷ ንጹሕ ነው፤ ምላጭ ነክቶት አያውቅም። በላይነህ እሱን አየ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻለም።

«ደሜ ውስጥ የጉበት በሽታ አለ» አለ። «እኔን አያመኝም፤ ግን አለ። በምላጭ ይተላለፋል። መጀመሪያ ለራሴ እቀምስ አልነበር? ከዚያ በዚያው ለእሸቴ። እሸቴን የበላው እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ አበበች። ከእሸቴ ደግሞ ወደ እናንተ ተሻግሮ ይሆናል። ምናልባት ነው። አይታወቅም። ስለዚህ ነው ተመርመሩ የምለው።»

ሶስና ነጠላዋን መልሳ ሳበችና ዞራ አየችው። አበበች ግን ቶሎ የገባት አልመሰለችም።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለች።

«ጥቅምት።»

«ከጥቅምት ጀምሮ» አለች አበበች። «ደጄን አልፈህ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ደህና አደርሽ ስትለኝ ከርመሃል።» እሸቴን ካገባች ጀምሮ በላይነህን አንቱ ስትል የኖረች ሴት ናት። «ምላጩን አላወቅህም ነበር። እሺ። እሸቴም አላወቀም። ይህንን ግን ታውቅ ነበር።»

አበበች ልጇን በክንዷ ይዛ ወጣች። ዘነበች ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ ብቅ ብላ ባሏን አየችውና ተመልሳ ገባች። የነገራት ግማሹን ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት።

ሐሙስ እናትና ልጅ ከተማ ሲወጡ በላይነህ ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ አያቸው። ሲመለሱም አያቸው፤ ከፊታቸው ግን ምንም ማንበብ አልቻለም። ውጤቱ በሚቀጥለው ሐሙስ እንደሚነገር ያውቃል። በዚያ ሳምንት እህል አልወረደለትም። ጸሎቱ ሁሉ አንድ ነበር፤ ሶስና ነጻ ትሁን የሚል። ስለ ራሱ ስም ማሰቡን ትቶ ነበር፤ ይህ ይመዝገብለት።

ውጤቱ በተነገረ ማግስት አበበች ብቻዋን መጣች። ግቢ ብላ ዘነበች መደብ ብታሳያት አልተቀመጠችም።

«እኔ ነጻ ነኝ» አለች። «ሶስና አለባት።»

በላይነህ ዱካው ላይ እንዳለ ወደ ፊት ደፋ አለ።

«የካንሰሩንም ምርመራ ሠሩላት። ጉበቷን አዩት፤ እስካሁን ደህና ነው አሉ። በየስድስት ወሩ እየሄደች ለምርመራ ደም ትሰጣለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ። እጮኛዋም ክትባት ይከተባል። ልጅ ስትወልድም ሕፃኑ ወዲያው ይከተባል። ያቺ ሩት የምትባለው ልጅ ሁሉንም ነገረችን። እሸቴም እንዲህ እየሄደ ቢታይ ኖሮ ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ ይደረስበት ነበር አለች።»

«አበበች፣ ማሪኝ።»

«እሱን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው። ስንት ሰው አግመሃል?»

«ቆጥሬ አላውቅም።»

«ቤታቸውን ግን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ተነስ እንግዲያው። ብቻህን ብትሄድ ይስቁብሃል፤ ስትስቁ ነው የከረማችሁት። እኔ ካንተ ጋር ስሄድ ማንም አይስቅም።»

በላይነህ ጋቢውን አንስቶ ተከተላት።

መጀመሪያ የደረሱት ሙላቴ ቤት ነው። ሙላቴ በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፈተ። አበበች ቀደመችው። «ባሌ የሞተው በዚህ ሰው ምላጭ ነው» አለች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «በሽታው ልጄም ላይ ተገኝቷል። አንተንም በዚያው ምላጭ አግሞሃል። ሐሙስ ሄደህ ተመርመር፤ ሚስትህንም ውሰድ።»

ሙላቴ ቀልዱን ዋጠው። በላይነህን ያየው ውሸት ነው በለኝ በሚል ዓይን ነበር። በላይነህ መሬት መሬት ከማየት ሌላ አልሆነለትም።

ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሄዱ። አበበች በየደጁ ያንኑ ቃል ትናገራለች፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ይሰማል። አንዷ አሮጊት ደረታቸውን ደቁ። አንዱ በሩን ዘጋባቸውና አበበች በተዘጋው በር ላይ ተናግራ አለፈች። አንድ ጊዜ ብቻ የታገመው ደሳለኝ ዱላውን ከጥግ አንስቶ ወደ በላይነህ መጣ። በላይነህ አልሸሸም፤ ቢመታው የሚወድ ይመስል ነበር። አበበች መካከል ገባች። «ዱላህን አስቀምጥና ሐሙስ ሂድ» አለችው። «እሱን መምታት ጉበትህን አይመረምርልህም።» ደሳለኝ ዱላውን አላስቀመጠም፤ ግን ሐሙስ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቃት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቄስ አስረስ ቤት ብቻ ቀረ። ቄስ አስረስ የበላይነህ ንስሐ አባት ናቸው። ቅዳሴ በሌለባቸው ጊዜ ማጅራታቸውን ለእሱ ይሰጡ ነበር፤ «ልጄ በላይነህ መጀመሪያ በራሱ ይቀምሳል» እያሉ ለሌላው ሁሉ ያመሰገኑትም እሳቸው ናቸው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ሁለቱን ሲያዩ መጽሐፉን አጠፉ። ወሬው እሳቸው ዘንድ አልደረሰም።

በላይነህ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ቀረት አለና ጠበቀ። አበበች ዝም አለች። ቄስ አስረስ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። «ምነው ልጆቼ? ደህና ናችሁ?» አሉ። አበበች አሁንም አልተናገረችም። ነጠላዋን ሰብስባ ከበረንዳው አጠገብ ወዳለው ድንጋይ ፈቀቅ አለች፤ በላይነህ ከቄሱ ፊት ብቻውን ቀረ።

መሳለም እንኳ አልደፈረም። «አባ» አለ። ጋቢውን አስተካከለ። «አባ፣ እሸቴን የገደለው የኔ ምላጭ ነው። በሽታው ከኔ ደም ነው የሄደው። ሶስናም ላይ ተገኝቷል። አንቱንም በዚያው ምላጭ አግሜዎታለሁ። ሐሙስ ይሂዱና ይመርመሩ።»

ምናልባት አላለም።

ቄስ አስረስ መስቀላቸውን ከጭናቸው ላይ አነሱት፤ መልሰው አስቀመጡት። «ሐሙስ ቅዳሴ የለብኝም» አሉ በመጨረሻ። «እሄዳለሁ።»

አበበች ያን ጊዜ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። በላይነህ እስክትጨርስ ድረስ ከግቢው ሳይወጣ ቆሞ ጠበቃት።